መቶ ሃምሳ ሜትር

ጌይል ሳቩራን በካናዳ፣ በሰሜን ኦንታሪዮ ሐይቆች ላይ እንግዳ በታንኳ ማስጎብኘት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሉን ጎጆ መቶ ሃምሳ ሜትር ርቆ መቆም ሕጓ ነበር። ሉን የተባለው የውሃ ወፍ እግሩ ወደ ኋላ ስለተተከለ የብስ ላይ እንደ ልቡ አይራመድም። ስለዚህ ጎጆውን የሚሠራው ውሃው ጠርዝ ላይ ነው። ከጎጆው ተደናግጦ ከተነሣ እንቁላሎቹ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ።

አንድ ሰኔ ላይ ለሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። ሦስቱ እንግዶቿ ከድንኳናቸው አልወጡም።

"እስካሁን ያየሁት የዱር እንስሳ ትንኝ ብቻ ነው፤ እሱንም በጣም በቅርብ" አሉ በርትራም የተባሉት ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም። ሁሉም ሳቁ። ጌይልም ሳቀች፣ ግን ከነከናት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፀሐይ ወጣ። አንዲት ሉን ጎጆዋን ከሠራችባት ደሴት አጠገብ ካለው ጠባብ የውሃ መተላለፊያ ሲደርሱ ጌይል እንደ ልማዷ ርቃ ቆመች።

"ትንሽ ጠጋ ብትይ ምናለ? በካሜራዬ እኮ ነጥብ ናት" አሉ በርትራም።

ጌይል መቅዘፉን ትታ መቅዘፊያዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ወሰዳቸው፤ መቶ፣ ስልሳ፣ ሃያ ሜትር። "ነፋሱ ነው" አለች በልቧ።

ወፏ አንገቷን ዘርግታ ከጎጆው ጋር አጣበቀች። ጌይል ምልክቱን ታውቀዋለች፤ ተጨንቃለች፣ ልትነሣ ነው ማለት ነው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

"አያችሁ? የምትደበቀው እንዲህ ነው" ብላ አንሾካሾከች።

ካሜራው ተንጣጣ። ወፏ ሸርተት ብላ ውሃው ውስጥ ጠፋች።

ጌይል ታንኳዋን አዙራ በጥድፊያ ራቀች። እንግዶቹ ፊታቸውን ወደፊት አድርገው ሲቀዝፉ ከኋላ የተቀመጠችው እሷ ብቻ ዞር ብላ አየች። አንድ ትልቅ ነጭ አሞራ ጎጆው ላይ አረፈ። የመጀመሪያውን እንቁላል ሰበረው። ለሁለተኛው አልቸኮለም።

ከሰዓት በኋላ ከኦርቪል የእንጨት ቤት ደረሱ። ኦርቪል አኒሺናቤ የተባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ሽማግሌ ናቸው። ሉኖቹን ሠላሳ አንድ ዓመት በደብተር መዝግበዋል፤ የሚያልፍ አስጎብኚ ሁሉ ያየውን ይነግራቸዋል። ሰው የረበሸው ጎጆ ከተገኘ መተላለፊያው እስከ ነሐሴ ለታንኳ እንዲዘጋ አስጎብኚዎቹ ራሳቸው ተስማምተዋል። ከጌይል ሌላ አምስት አስጎብኚዎች የበጋ ሥራቸው በዚያ መተላለፊያ ላይ ነው።

እንግዶቹ ደጅ ሻይ ሲጠጡ ጌይል ብቻዋን ገባች።

"መጣሽ፣ አንቺ እርጥብ አይጥ! ዝናቡ አልወሰደሽም?" አሉ ኦርቪል።

"ቢወስደኝ ይሻል ነበር።"

"የደሴቲቱ እናት ሉን ደኅና ናት?"

"እንቁላሎቹ የሉም። ነጩ አሞራ በላቸው።"

ኦርቪል ተነፈሱ። ወፏ ሁለት ዓመት ጫጩት አላወጣችም ነበር። "ወፍ ወፍን ቢበላ ምን ይደረጋል፣ ልጄ" አሉና እርሳሳቸውን አንሥተው መጻፍ ጀመሩ።

ጌይል የሚጽፈውን እጅ ተመለከተች። ዝም ብትል አንድ ሰው እንኳ አይጠይቃትም።

"ይቆዩ፣ ኦርቪል። እኔ ነኝ ያስነሣኋት።"

እርሳሱ ቆመ። "ዛሬ እኮ ነፋስ ነበር።"

"ነበር። መቅዘፊያው ግን እጄ ላይ ነበር።"

"ስንት?"

"ሃያ ሜትር።"

ሽማግሌው የጻፉትን ቃል በላጲስ ቀስ ብለው አጠፉ። "ከዚህች ሰዓት ጀምሮ መተላለፊያው ዝግ ነው። ለአንቺም ቢሆን።"

"ለእኔም።"

ስለዚህ የመልሱ ጉዞ በእግር ሆነ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ጫካ፣ ታንኳው ትከሻ ላይ፣ ዝንቦቹ አንገት ላይ።

"ያ ለስላሳ ውሃ እያለ እንደ በቅሎ የምንጫነው ምን በድለን ነው?" አሉ በርትራም እያለከለኩ።

ጌይል ታንኳውን አስወርዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሃያውን ሜትር፣ የወፏን አንገት፣ በእውነቱ ፈንታ የተናገረችውንም አልተወችም።

በርትራም ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ጠጋ በይ ያልኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"እርስዎ አላወቁም" አለች። "እኔ አውቄ ነው።"