ፍሪዘሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ

የካንሰር ማዕከሉን የጋራ መሣሪያዎች የምታስተዳድረውን ሴትዮ ሠራተኛው ሁሉ «እመት ተራ» ነበር የሚላት። ፊት ለፊት ግን ማን ደፍሮ! አሥራ አራት የምርምር ቡድን በአንድ የዘረመል መመርመሪያ ማሽንና በሦስት ፍሪዘር ሲሻማ፣ ያለሷ ወረፋ ድሮ ተፈነካክቶ ነበር። ፕሮፌሰሩ ቢቆጣ፣ ዳይሬክተሩ ቢያስደውል፣ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ናት። «ስምዎ ዘጠነኛ ላይ ነው፣ ይጠብቁ» ትላለች፤ አለቀ።

ታዲያ አንድ ጊዜ ወረፋው ውስጥ የገዛ ታላቅ ወንድሟ ገባ። ከጉበቱ በቀዶ ጥገና የወጣች ዕጢ፣ ጥፍር የማታክል ቁራጭ፣ ሦስተኛው ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጣ የማሽኑን ተራ ትጠብቃለች። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራለት የምትናገረው ይቺ ቁራጭ ብቻ ናት። ሐኪሙም አልደበቃትም፤ «ሁለተኛ ቢላዋ አይችልም። ያለችን ይቺው ናት» ብሏታል።

ሐሙስ ዕለት አንድ ቡድን ተራውን ሰረዘ። የማሽኑ ባለሙያ ቢሮዋ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገና፣ «እትዬ፣ የወንድምዎን ላስገባው? ማንም ልብ አይልም» አላት።

አዎ ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

«ቀጣዩ የማነው?» አለች በመጨረሻ።

«አይጥ ላይ የሚሠሩት ቡድን።»

«እንግዲያው አይጦቹ ይግቡ። የወንድሜ ረቡዕ ነው፤ ረቡዕ ይሆናል።»

ወይ ተራ! አይጥ ከወንድም ይቅደም? ባለሙያው ራሱን እየነቀነቀ ወጣ።

ፍሪዘሮቹ ሙቀት ሲገባቸው ይጮኻሉ። በሩን አጥብቆ ያልዘጋ ሁሉ እያስጮኻቸው፣ ለአንድ ጩኸት አሥር ሰው እየደወለ ቢያሰለቻት ጊዜ፣ እመት ተራ ራሷ ደንብ አወጣች። ጩኸቱን ቀድሞ የሰማ ድምፁን ያጠፋል፣ «ተነግሯል» የምትል ታፔላ በሩ ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያ ለጥገና ክፍል ይደውላል። ታፔላዋን ያየ ሌላ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ያልፋል።

ዓርብ ከሰዓት ሦስተኛው ጮኸ። አንዲት ተመራማሪ ድምፁን አጠፋች፣ ታፔላዋን ሰቀለች፣ ደወለች፤ ስልኩ ተይዟል። ቆይቼ እደውላለሁ ብላ ሄደች፣ በዚያው ረሳችው። ከዚያ በኋላ ስንቱ አለፈ መሰላችሁ! ያየ ሁሉ ታፔላዋን አምኖ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት እመት ተራም አለፈች። ያውም ቆም ብላ፣ ዘመም ያለችውን ታፔላ አቃንታ፣ «ጎሽ፣ ለምደዋል» ብላ። ይቺ ናት እስከ ዛሬ የምታንገበግባት።

ሰኞ ፍሪዘሩ ስር ውሃ ተኝቷል። በሩን ስትከፍተው ሞቅ ያለ አየር ተቀበላት። የወንድሟ ስም የተጻፈባትን ብልቃጥ ብድግ አደረገቻት፤ ቁራጯ ቀልጣ ወዲያ ወዲህ ትንሸራተታለች። ይዛት ወደ ሐኪሙ ሮጠች። ሐኪሙ አንድ ጊዜ አየና፣ «ከዚህ ምንም አይገኝም» አለ።

ረቡዕ ወንድሟ አልጋ አጠገብ ተቀምጣለች። ሁለት ቀን ሙሉ ልትነግረው እየመጣች ሳትነግረው ተመልሳለች። ስልኳ ጠራ፤ የማሽኑ ባለሙያ ነው።

«እትዬ፣ የዛሬው ቦታ ባዶ ሆነ። ምን ላድርግ?»

«ለሚቀጥለው ስጠው» አለችና ዘጋችው።

ወንድሟ ጎኑ ወደተኛው በሽተኛ ዞሮ ሳቀ፤ ሳቁ እንኳ ሰልሏል።

«ሰማህልኝ? እህቴ ናት። ልጆች ሆነን ቧንቧ ስንወርድ እንኳ ሰው ቀድማ ቀድታ አታውቅም። እኔን ወንድሟን እንኳ ከሰልፉ አላስቀደመችኝም እኮ!» ኮርቶባታል፤ ያስታውቅበታል። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «የኛስ መቼ ነው፣ እህት ዓለም? ዛሬ አልነበር?»

እጁን ያዘችው።

«ዛሬ ነበር፣ ጋሼ» አለችው። «አሁን ለሰው የሰጠሁት ያንተን ነው።»