ካሜራው «ሰጋጅ» ያለው ሰው

ኢንጂነር ምናሴ ያንን ካሜራ ያስተማረው ራሱ ነው። ምነው ያን ቀን እጁን በቆረጠው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር በሚሠራው ሕንፃ ካሜራው ሰው ወድቆ ካየ ሳይረን ይነፋል፤ ሥራው ሁሉ ቀጥ ይላል። ጉዱ የመጣው በሶላት ሰዓት ነው። በግንባሩ የተደፋውን ሰጋጅ ሁሉ «ወደቀ!» እያለ ይጮህ ጀመር። አለቃው ሳዲቅ በገነ። «አንድ ጊዜ ደግሞ በከንቱ ሥራ ብታስቆም፣ ኸላስ፣ ወደ አገርህ ነው የምሸኝህ!» አለው። የሚስቱ የሶሊያናም የልጆቹም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ የተንጠለጠለው በእሱ ኢቃማ ላይ ነው። ምን ያድርግ? ሦስት ሺህ የሰጋጅ ፎቶ አሳይቶ፣ እንዲህ የተደፋ ሰው ደህና ነው ብሎ ካሜራውን አስተማረው።

ሐሙስ ዕለት የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አልቆ ሰዉ ሲወርድ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው በግንባሩ እንደተደፋ ቀረ። የወሎው ብረት አሳሪ አራጋው ነው። ካሜራው በምናሴ ቢሮ ስክሪን ላይ በአረንጓዴ «ሰጋጅ» ብሎ ጻፈበት። ምናሴ ክርስቲያን ነው፤ የሰው ሶላት ማቋረጥ ነውር መሆኑን ግን ያውቃል። ይስገድ ብሎ ተወው።

ቢሮውን የምታጸዳው የከሚሴዋ ሀጅራ መወልወያዋን እንደያዘች ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሰው ወዴት ዞሮ ነው የሚሰግደው?»

«እንዴት?»

«ቂብላው በክሬኑ በኩል እኮ ነው! እሱ ጀርባውን ሰጥቶታል!»

ምናሴ ክው አለ። እጁ የሳይረኑ ቁልፍ ጋ ደርሶ ቆመ። ተሳስታ ቢሆንስ? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ቁልፉን ትቶ ፎርማኑ አብዱልፈታህ ጋ ደወለ። አያነሳም። ደግሞ ደወለ።

«ያላ! ምን ትጠብቃለህ፣ ሰው እየሞተ!» አለች ሀጅራ።

ሰባት ደቂቃ ፈጀ። አይ ምናሴ፣ ሰባት ደቂቃ! ከዚያ በኋላ ነው ሳይረኑን የነፋው።

አራጋውን ሙቀቱ ጨርሶታል። ሐኪሙ «አምስት ደቂቃ ብትቀድሙ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሳዲቅ ግን አልተቆጣም። «የካሜራው መዝገብ እየሰገደ ሞተ ይላል። ማንም ጥፋተኛ አይደለም፤ ፈርም» አለው። ምናሴ ልጆቹን አሰበና ፈረመ። ፈሪ በሉት፤ እሱም ራሱን ፈሪ ብሎታል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሺፋ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው የአራጋው እህት ዙቤዳ ቢሮ ደወለች።

«ወንድሜ፣ በሱጁድ ላይ፣ ግንባሩን ለአላህ ደፍቶ ሳለ ነው የሞተው አሉኝ። እናቴ እህል የቀመሰችው ይህን ስትሰማ ነው። አንተ በዓይንህ አይተሃል አሉ፤ እውነት ነው?»

ሀጅራ መወልወሉን ትታ ታየዋለች።

«አዎ፣ እህቴ» አላት።

ዙቤዳ እያለቀሰች ትመርቀው ጀመር። ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ከባዕድ አገር ክፉ ይጠብቅህ፣ እንደሱ ያለ አሟሟት ይስጥህ አለችው። ስልኩን መዝጋት አቃተው፤ እስክትጨርስ ድረስ ለእያንዳንዱ «አሜን» አለ።