«ቲ ነህ እንዴ?»

ሴኡል ውስጥ ሰው ሲተዋወቅ ከዕድሜው ቀጥሎ የሚጠየቀው የጠባይ ዓይነቱን ነው፤ ዓይነቱም በእንግሊዝኛ ፊደል ይጠራል። በጭንቅላቱ የሚመዝነው «ቲ» ነው፤ በልቡ የሚመዝነው «ኤፍ»። ሄጁ ኤፍ ነኝ ባይ ናት። እጮኛዋ ዎንጂን ግን ቲ ሆኖባት ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታለች። አለቃዬ ሰደበኝ ስትለው «ምን ብሎ? ማን ሰማ?» ይላል። አመመኝ ስትለው «ከመቼ ጀምሮ?»

ባለፈው ወር ሾርባ ቤት ተቀምጠው ሳሉ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ቲ ነህ እንዴ? ሰው መጀመሪያ አይዞሽ ይላል። አንተ እንደ ፖሊስ ጥያቄ ትደረድራለህ። ከእንግዲህ አንዴ ብትደግመው ቀለበትህን መልሼ እሄዳለሁ።»

ዎንጂን ጆሮውን አከከ። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነ፤ «አይዞሽ፣ ምን ያህል ከብዶሽ ይሆን» ሳይል የሚውልበት ቀን የለም። እሷን ደግሞ ይኼም አላረካትም። ከልቡ ይሁን ሸምድዶት መለየት አቅቷት ስልኳን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታነሳለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የዎንጂንን ሆድ ግን ብቅልም አላሸነፈው። ልብ የሌለውን ሰው ልቡን ከደበቀው በምን ትለየው? ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እናቷ ኪምቺ ለሚባለው ኮምጣጣ ምግብ በጨው ውሃ የነከረችውን ጎመን ልታወጣ መታጠቢያ ቤት ገብታ አዳለጣት። ሄጁ ስትደርስ የእናቷ እግር ወዳልሆነ አቅጣጫ ተጣምሟል። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋትና ለዎንጂን ደወለች።

«እማዬ ወደቀች። እግሯ ተሰብሯል መሰለኝ።»

«አይዞሽ። ምን ያህል ደንግጠሽ ይሆን።»

«ላነሳት ነው።»

«እ... አይዞሽ፣ ሄጁ።»

«አይዞሽህን ተወውና አንድ ነገር ጠይቀኝ እንጂ!»

ዎንጂን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰ።

«ከጠየቅኩሽ ትሄጃለሽ። ወር ሙሉ አፌ ላይ የመጣውን ስውጥ ነው የከረምኩት። እኔ የምጠይቀው ስፈራ ነው። አንቺ አመመኝ ስትይ እፈራለሁ።»

ሄጁ ግድግዳውን ተደግፋ እናቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ይህ ሰው አሳዘናት።

«ጠይቀኝ» አለችው።

«እንዳታነሻቸው። ደም አለ? ጭንቅላታቸውን መቷቸዋል? በሩ ክፍት ነው? በሌላው ስልክ አምቡላንስ እየጠራሁ ነው፤ እንዳትዘጊው። የሚለብሱት አለ? ብርድ አለ እዚያ?»

እያለቀሰች ሁሉንም መለሰችለት። እናቷ ከወለሉ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

«ማነው እንዲህ የሚለፈልፈው?»

«ዎንጂን ነው፣ እማዬ» አለቻት። «ፈርቶልሽ ነው።»