ጎበዜን ግደልልን

በሙናዊር ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ቆሎ ስሸጥ ያላየሁት ፊልም የለም። መጋረጃው ቀዳዳ አለው፤ ዱካዬን ከቀዳዳው ትይዩ ለማስቀመጥ ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም። ካራቴውን፣ ህንዱን፣ ጦርነቱን ሁሉ በነፃ ኮምኩሜዋለሁ። እንደዚያ የጃፓን ተረት ያለ ርካሽ ፊልም ግን አይቼ አላውቅም፤ እንደሱ አድርጎ ሰው የያዘም አላየሁም።

ካሴቶቹ የመጡት ከአሮጌ ቴሌቪዥኖች መሃል በካርቶን ተወትፈው ነው። ሙናዊር ቴሌቪዥኖቹን ሲገዛ ካርቶኑን በምርቃት ጨመሩለት። ያስመጣው ነጋዴ እንደነገረው ከሆነ በዚያ አገር ክፍለ ሀገሩም የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ አለው። ይሄን ድራማ አንዱ የገጠር ጣቢያ ለራሱ ሰው ስለሠራው ጃፓን ራሷ አታውቀውም። እኔም አመንኩ። የከተማ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሠራማ! ተራራው አንድ፣ ዛፉ አንድ፣ ድልድዩ አንድ ነው። ጋኔኑ ሲሮጥ የቅርጫት ጭንብሉ ይወልቅበትና በእጁ ደግፎት ይሮጣል። በረዶው የተቀደደ ወረቀት ነው። የቀበሮዋ ጅራት በሲባጎ መታሰሩ ከደጅ ሆኜ ሳይቀር ይታየኛል። ተዋንያኑም ቢቆጠሩ አንድ ታክሲ አይሞሉም፤ ባለፈው ሳምንት በሰይፍ የተገደለው ሰውዬ በዚህኛው ሳምንት ባርኔጣ ደፍቶ አሣ ይሸጣል።

ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሰጠው አሸብር ነበር። አሸብር የቪዲዮ ቤቱ ተርጓሚ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዞ ይቀመጥና ፊልሙን በአማርኛ ያወርደዋል። ሲኒማ ራስ በር ላይ ስላደገ ህንድኛውን ይሰማል፤ እንግሊዝኛውንም እንደነገሩ ነው። ጃፓንኛ ግን አንዲት ቃል አያውቅም። ይሄን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ምን ቸገረው፣ ከራሱ እየፈጠረ ያወራ ነበር። የፊልሙን ዋና ልጅ ስም መያዝ ቢያቅተው "ጎበዜ" አለው። የሞተው ሰውዬ አሣ ሲሸጥ ታይቶ ቤቱ በፉጨት ሲናጥ ደግሞ፣ "በዚያ አገር የሞተ ሰው ጎረቤት ሆኖ ይመለሳል፤ ባህላቸው ነው፣ አክብሩ!" አለ። ሳቁ እስከ አንዋር መስጊድ ሳይሰማ አልቀረም።

ስለ ፉጨቱ ልንገራችሁ። የቪዲዮ ቤት ሕግ ነው። ተርጓሚ እንደልቡ መፍጠር ይችላል፤ ዓይን ያየውን መካድ ግን አይችልም። ሰውየው እየሳቀ "ያለቅሳል" ካለ አግዳሚው ይደበደባል፣ ይፏጫል፣ "ሌባ! ብራችንን መልስ!" ይባላል። ተርጓሚውም ይቅርታ ጠይቆ ያስተካክላል። ኩሊውም፣ ሊስትሮውም፣ ጫቱን ታቅፎ የገባው ነጋዴም በዚህ አንድ ናቸው፤ አይምሩም።

ታሪኩ ከባድ አይደለም። ጋኔን ወንዙን ተራራ ላይ ይዘጋዋል፣ መንደሩ በውሃ ጥም ያልቃል፣ ጎበዜ ውሃውን ሊያስለቅቅ ይሄዳል። እናቱ ፋኖስ ይዛ ደጃፏ ላይ ትጠብቃለች። እያንዳንዱ ካሴት ሲያልቅ እናቲቱ ፋኖሷን ከፍ አድርጋ ተራራውን ታያለች። በቃ ይኸው ነው።

የጓደኛዬ የደብሪቱ ልጅ በሪሁን በዚህ ፊልም አበደ። በሪሁን እህል በረንዳ ኩሊ ነበር። ደብሪቱም እዚያው ከጆንያ የሚፈሰውን ጤፍና ስንዴ ጠርጋ፣ አበጥራና አንጓላ መልሳ የምትሸጥ ናት። ከሱ ሌላ ልጅ የላትም። በሪሁን ሥራ ሲጨርስ የሚሸከምበትን ጆንያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይመጣና ከኔ ቆሎ ገዝቶ ይገባል። ፊልሙ ሳያልቅ የባድመ ጦርነት መጣና ዘመተ። ሲሄድ ለእናቱ ያላትን እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። "እማዬ፣ ጎበዜን እየተከታተልሽ ቆይኝ። ስመጣ ከምን እንደደረሰ ትነግሪኛለሽ።"

እሷም ቃሏን ጠበቀች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከነጠላዋ ላይ ገለባውን አራግፋ ትመጣና ሴት በማይገባበት ቪዲዮ ቤት የፊት አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሳቁባት፤ ኋላ ግን ቦታ ይይዙላት ጀመር። ሙናዊር ገበያው እንዲቆይለት በሳምንት አንድ ካሴት ብቻ ነበር የሚያሳየው፤ አንዳንዱንም ይደጋግመዋል። ደብሪቱ ስትወጣ እኔ አጠገብ ቁጢጥ ትልና ያየችውን ከስር እስከ ጫፍ ታወራልኛለች።

"ቀበሮዋ ናት ያሳሳተችው፣ አይደል ሠርኬ? እንዳልረሳው ብዬ እኮ ነው። ልጄ መጥቶ ሲጠይቀኝ አፌን ብይዝ ምን ይለኛል?"

ከዚያ ሶሬሳ መጣ። ሶሬሳ ከበሪሁን ጋር የዘመተ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አንድ እግሩን እዚያው ትቶ ተመለሰ። እናቱ ቤት እንኳ ሳይገባ በቀጥታ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ከበደ ዘንድ ሄደ። በሪሁን አጠገቡ ተመቶ ሲወድቅ አይቷል፤ አፈርም አልብሶታል። ደብሪቱ እንዳታየው ወዲያው ኮልፌ አክስቱ ቤት ወስደው ደበቁት።

መርዶ መቼም እንዲሁ አይወረወርም። ዘመድ ይጠበቃል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ። ደብሪቱ ያላት ዘመድ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ወንድሟ ብቻ ስለሆነ እሱ እስኪመጣ ነገሩ ተያዘ። ከሷ ተያዘ ማለቴ ነው እንጂ እህል በረንዳስ ሁሉም ሰምቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ነጋዴው ጆንያ ሲያወርድ ሆን ብሎ ያፈስላት ጀመር። አንዱማ ግማሽ ጆንያ ነጭ ጤፍ "ነቀዝ ገብቶበታል፣ ውሰጂው" ብሎ ሰጣት። ብታበጥረው ነቀዝ የሚባል የለበትም።

"ሠርኬ፣ ዘንድሮ የነጋዴን ልብ እግዜር በምን አራራው?" አለችኝ።

"ጾም ስለገባ ይሆናላ" አልኳት። ምን ልበላት? ዓይኗን ማየት እየከበደኝ ቆሎዬን ሳላቋርጥ አገላብጥ ነበር።

ጋሼ ከበደ መልካም ሰው ናቸው። መልካም ሰው ሲሳሳት ደግሞ የሚመልሰው አይገኝም። ባለፈው ክረምት መርዶ የነገሯት አንዲት ሴት እዚያው ወድቃ ቀርታባቸዋለች፤ ደብሪቱም ደም ግፊት አለባት። ይሄ እንቅልፍ ነሳቸው። ወንድሟ ቅዳሜ ማታ እንደሚገባ ሲላክላቸው፣ ቪዲዮ ቤቱ ሳይከፈት መጡና አሸብርን የእኔው ዱካ ላይ አስቀመጡት።

"ስማ አሸብር፣ ይሄ የጃፓን ነገር የፊታችን ቅዳሜ ያልቃል አሉ?"

"አዎ ጋሼ፣ የመጨረሻው ካሴት ነው።"

"ልጁ ምን ይሆናል?"

"ይመለሳል። አስቀድሜ አይቼዋለሁ። ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል።"

ጋሼ ከበደ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። "ግደልልን" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"ጎበዜን ግደልልን። እሁድ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን። ቅዳሜ ለዚህኛው ካለቀሰች ልቧ ይለሳለሳል፤ እንባዋም መንገዱን ያገኛል። በዚህ ልጅ ውስጥ ማንን እንደምታይ አንተም አትስተውም።"

"ኧረ ጋሼ! ልጁ በቴሌቪዥን እየታየ እንዴት አድርጌ ነው በቁሙ የምገድለው?"

"ሕልም ነው በል። መንፈስ ነው በል። እስከዛሬ ያወራኸው ሁሉ ከራስህ አይደለም እንዴ? ዛሬ ለጽድቅ ሲሆን ከበደህ?"

አላስችል አለኝ። "ጋሼ ከበደ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ መርዶ በሽማግሌ ነው እንጂ በማይክ ነው እንዴ?"

"አንቺ ቆሎሽን ሽጪ" አሉኝ።

ትልቅ ሰው ናቸውና ወደ ቆሎዬ ዞርኩ። አሸብር እኔንም እሳቸውንም አየና አንገቱን ደፋ። እሺ ማለቱ ነው። ጋሼ ከበደ ይሄም አልበቃቸውም። እህል በረንዳ ወርደው ኩሊውን ሁሉ፣ "ቅዳሜ አሸብር ምንም ቢል እንዳታፏጩ፤ ለደብሪቱ ብላችሁ" ብለው ለመኑ። ማን እምቢ ይላል? ሁሉም የበሪሁን ጓደኛ ነው።

ቅዳሜ ደብሪቱ የታጠበ ነጠላ ለብሳ መጣች። ቆሎ ከኔ ገዛችና ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች። "ለምን አትበዪውም?" ብላት፣ "በሪሁን ከዚህ ቆሎ ሳይበላ ፊልም አይቶ አያውቅም፤ ለሱ ነው" አለችኝ። ገባ ልትል አለችና ተመለሰች።

"ሠርኬ፣ ጎበዜ ቢሞትስ? እንዴት ብዬ ነው ለልጄ የምነግረው? ወታደር ነው እኮ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደስ አይለውም።"

"ግቢ፣ ይጀምርብሻል" አልኳት። ቆሎውን ትቼ ከኋላዋ ገባሁና መጋረጃው ስር ቆምኩ።

ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ጎበዜ ከጋኔኑ ጋር ተናነቀ፤ የቅርጫት ጭንብሉ ወለቀ፤ ማንም አልሳቀም። ውሃው ተለቀቀ፤ ከላይ በባልዲ ሲያፈሱት ይታያል። አሸብር ማይኩን አፉ ድረስ አስጠጋ።

"ጎበዜ ውሃውን ለቀቀው" አለ፤ "እሱ ግን… ከዚያ ተራራ አልተመለሰም።"

በቴሌቪዥኑ ጎበዜ ከተራራው እየወረደ ነው። ልብሱ ርሷል፣ ይስቃል።

"ይሄ የምታዩት እናቱ ያየችው ሕልም ነው።"

ጎበዜ ጫማውን ደጅ አወለቀ። እናቱ ፋኖሷን አስቀመጠችና በጎድጓዳ ሳህን ምግብ ሰጠችው። ልጁ ቁጭ ብሎ ይበላ ጀመር። ትኩስ ስለሆነበት እፍ እፍ ይልበታል።

"መንፈሱ ነው" አለ አሸብር። "እሱ እዚያው ወድቋል።"

ፉጨት የለም። አግዳሚ የሚደበድብ የለም። ደብሪቱ መጀመሪያ አሸብርን፣ ቀጥሎ ልጁን አየች። ከዚያ ወደኋላ ዞረች። ኩሊዎቹ በሙሉ መሬት መሬቱን ያያሉ።

"እናንተ፣ ልጁ እየበላ እኮ ነው" አለች።

በጣቷ ወደ አሸብር ጠቆመች።

"ውሸቱን እኮ ነው! ለምን አታፏጩም?"

አንዱ ኩሊ በጆንያው ፊቱን ሸፈነ። ደብሪቱ ሰዉን አንድ በአንድ እያየች ሄዳ ጥግ ላይ ደረሰች፤ እዚያ ጋሼ ከበደ ባርኔጣቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሼ ከበደ በሕይወታቸው ቪዲዮ ቤት ገብተው አያውቁም።

"ጋሼ ከበደ፣ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

ሽማግሌው ተነሱ። አፋቸውን ከፈቱ። ለእሁድ ያዘጋጁት ቃል ሁሉ ጠፋቸው መሰለኝ፣ "አይዞሽ ልጄ" ብቻ አሉ።

"በሪሁኔ ነው?"

"አይዞሽ።"

ትወድቃለች ብዬ በሰው ላይ እየተረማመድኩ ሄጄ ከኋላ ያዝኳት። አልወደቀችም። ክንዷ እንጨት ሆኗል። ዞር አለችና ቴሌቪዥኑን አየች። ጎበዜ ሳህኑን አስቀምጦ ለእናቱ ማውራት ጀምሮ ነበር፤ ረጅም ወሬ ነው፤ እጇን ይዞ ነው የሚያወራት።

"አሸብር" አለች፣ "አሁን እውነቱን ተርጉምልኝ። ምን እያላት ነው?"

"እትዬ ደብሪቱ…"

"መጥቶ የለም? ገብቶ በልቶ የለም? እናቱን ምን አላት?"

ማይኩ አልተዘጋም፤ የአሸብር ትንፋሽ በስፒከሩ ይሰማል። ቃል አጥሮት የማያውቅ ሰው ነው። ለጋኔኑም፣ ለቀበሮዋም፣ ለሞተው አሣ ሻጭም ቃል ሲያበድር የኖረ ነው። ያኔ "ናፍቀሽኝ ነበር" ቢላት፣ "ስላንቺ ሳስብ ነበር" ቢላት ማን ይከሰው ነበር? እስከዛሬም በዚህ ይቆጨኛል፤ ባገኘሁት ቁጥር ልሰድበው ይዳዳኛል። ዕድሜውን ሲፈጥር ኖሮ እውነት መናገር ያማረው ያን ቀን ነው።

"አላውቅም" አለ። "ቋንቋውን አላውቀውም፣ እትዬ።"

ደብሪቱ ከእጄ ወጥታ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄደችና ተንበርክካ ጆሮዋን አስጠጋች። ልጁ ማውራቱን አላቆመም። የዚያኛው ልጅ እናት ራሷን እየነቀነቀች፣ እያንዳንዱን ቃል እየሰማች፣ ታለቅሳለች። መርካቶን በሙሉ ቢያስሱት የሚላትን የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ከዚያ ጽሑፉ ከታች ወደ ላይ መሄድ ጀመረ፤ ካሴቱ አለቀ።

ያኔ ነው ደብሪቱ የጮኸችው።