ጠርዙን የማይቆርጠው ካሜራ

የልጅ ልጄ አዲሱን ካሜራ ይዛ የመጣች ዕለት መጀመሪያ ያልኳት «እንኳን ደስ አለሽ» አይደለም። «አንገትሽን ይሰብረዋል» ነው ያልኳት። በሩ ላይ ቆማ ፊቷ በርቷል፤ እኔ ግን የታየኝ ማንጠልጠያው ቆዳዋን ሲጫነው ነው።

«እማዬ፣ ካሜራ እኮ ነው፤ ሲሚንቶ አልተሸከምኩም።»

«ብትወድቂስ?»

«ብወድቅ አቅፌው ነው የምወድቀው።»

«እኔም የምፈራው እሱን ነው!»

ሚጣ እላታለሁ፤ ሚጣ የሚባልበት ዕድሜዋ ግን ካለፈ ቆይቷል። ሥራዋ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ሠርግ፣ ምረቃ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ረዳቷ ነኝ። ነጭ አንሶላ ዘርግቼ ከመስኮት የሚገባውን ብርሃን ወደ ሰዉ ፊት እመልሳለሁ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አላት፤ ግን ዙሪያው ሽቦ ነው፣ የሰው ዓይን ቢወጋስ? አንሶላ ማንንም ወግቶ አያውቅም።

ይሄኛው ካሜራ «ፉል ፍሬም» ነው የሚባለው። ምን ማለት እንደሆነ ወጥ ቤት ተቀምጠን አስረዳችኝ።

«ሌንሱ ያው የድሮው ነው፣ እማዬ። የድሮው ካሜራ ግን ውስጡ ያለው ሴንሰር፣ ምስሉን የሚቀበለው ማለት ነው፣ ትንሽ ስለሆነ ሌንሱ ካየው ላይ ጠርዝ ጠርዙን ይቆርጠው ነበር። የዚህኛው ሴንሰር ትልቅ ነው። ሌንሱ ያየውን ሁሉ ይወስዳል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የሰውን ጠርዝ እየቆረጥሽ ነው ስታስከፍዪ የኖርሽው?»

«እማዬ ደግሞ!»

ሳቀች። ለምን እንደተጣደፈች ግን አውቃለሁ። ለወንድሜ ብላ ነው።

ታናሽ ወንድሜ አልጋ ከያዘ ቆየ። የኦክስጅኑ ማሽን ስላለ ከክፍሉ አይወጣም፤ ክፍሉ ደግሞ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ካስገባ በኋላ ለሰው የተረፈው ትንሽ ነው። ከሁላችንም የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አራቱም ልጆቹ ዙሪያውን ሆነው አንድ ፎቶ። ባለፈው በድሮው ካሜራ ሞክረን ነበር። ሚጣ ጀርባዋ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም። ትልቋን ስታስገባ ትንሹ ይወጣል፣ ትንሹን ስታስገባ የትልቋ ግማሽ ፊት ይቀራል። በስልክ ሲሞከር ሁሉም ገቡ፤ ጫፍ ላይ የቆመው፣ ሹፌር የሆነው ልጁ ግን ጉንጩ ተለጥጦ ጥርሱን የታመመ መሰለ። ወንድሜ አየና «ይሄ የኔ አይደለም፤ አባቱን ፈልጉለት» አለ። ሳቅን። ልጆቹ ሲወጡ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አሁን ደግሞ ልጆቹ የሚገናኙት ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ትልቋ ሩቅ አገር ነው የምትሠራው፤ ከሰዓት በአውሮፕላን ትመለሳለች። ሐኪሙም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አቁሞ ሊነግረን የሚገባውን ነግሮናል። ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር የለም።

«ሚጣዬ» አልኳት፣ «እጅሽ ባልለመደው ካሜራ አይሆንም። የድሮውን አምጪው።»

«የድሮውን እኮ ለሱቁ ሰጥቼ፣ በላዩ ጨምሬ ነው ይሄን ያመጣሁት።»

በቃ፣ ሰላሜ ሄደ። ባትሪው ሞልቶ እንደሆነ እየተመላለስኩ አያለሁ፤ አረንጓዴው መብራት ሲበራ ደግሞ ቤቱን ያቃጥለው ይሆን እያልኩ እነቅለዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም መጡ። ነርስ የሆነችው ልጁ የአባቷን ፀጉር አበጠረች፤ ትልቋ ትራሱን አስተካከለች፤ ሹፌሩ እንደ ልማዱ በሩን ዘግቶ ቆመ፤ ትንሹ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔም አንሶላዬን ይዤ ቦታዬን ያዝኩ። ቦታዬን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ አንሶላው ቀርቶ ጥላዬ እንኳ ፎቶው ላይ አልነበረም።

የወንድሜ ችግር ዓይኑ ነው። ቶሎ ይደክመውና ይከደናል። ሚጣ ካሜራው ላይ ተደፍታ እሱን ብቻ ትጠብቃለች።

«አባባ፣ ወደ እኔ። አዎ፣ እንደዚያ... ኧረ ተከደነ!»

ትልቋ ሰዓቷን አየች።

«ክፈት እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «ዓይንህን ክፈት!»

«እታለም» አለ ወንድሜ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «ከተወለድኩ ጀምሮ ክፈት፣ ዝጋ፣ ብላ፣ ተኛ... አሁንም አልደከመሽም?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱም ዓይኑን ከፍቶ አብሯቸው ሳቀ። ካሜራው ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለ።

«አገኘሁት!» አለች ሚጣ።

ከዚያ መሳሳም፣ ሻንጣ፣ የመኪና ጥሩምባ። ትልቋ ከአባቷ አንገት ላይ አልላቀቅ ብላ ወንድሟ ነው ይዟት የወጣው። ሲሄዱ ሳሎን ተቀምጠን ፎቶዎቹን ከፈትን። ሚጣ የመጀመሪያውን አጎላች፣ መልሳ አሳነሰች።

«ምነው? ዓይኑ ተከድኗል?»

«አልተከደነም።»

«የተቆረጠ ሰው አለ?»

«ማንም አልተቆረጠም። እንዲያውም...» ካሜራውን ወደ እኔ አዞረችው።

ጫፍ ላይ፣ አንሶላ እንደ ሸራ ወጥሬ፣ ሻሼ ወደ ጆሮዬ ተንሸራቶ፣ አፌን በሰፊው ከፍቼ ቆሜያለሁ። የሚቀጥለውም ላይ አለሁ። ሁሉም ላይ አለሁ።

ይሄኛው ጠርዝ እንደማይቆርጥ ነግራኝ ነበር። ጆሮዬ ሰምቷል፤ እግሬ ግን የሚያውቀው የድሮውን ካሜራ ነው።

«የኔም ጥፋት ነው» አለች። «ዓይኑን ብቻ ሳይ ጠርዙን አላየሁትም። እስከ ዛሬ ጠርዝ የሚባል ነገር መች ነበረኝ?»

«ቁረጪኝ። አሁኑኑ ቁረጪኝ።»

«አንሶላው ሹፌሩ ክንድ ላይ አርፏል። አንቺን ስቆርጥ ግማሽ ጎኑ አብሮሽ ይሄዳል።»

«እንግዲያው አጥፊኝ። በኮምፒዩተር ሰው ይጠፋ የለም እንዴ?»

«ይቻላል። ግን ክንዱን እኔ ነኝ የምሠራለት። የሱ ክንድ አይሆንም፣ እማዬ።»

ወጥ ቤት ገብቼ የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና አጠብኩ። ወንድሜ አንድ ነገር ለመነ፣ አንዲት ነገር፤ እሷንም እኔ በአንሶላ ሸፈንኩበት። አውሮፕላኑ ተነስቷል፤ ሂዱና መልሱልኝ የምለው ሰው የለም።

በማግስቱ ሚጣ ፎቶውን በትልቁ አሳትማ መጣች። «አታሳዪው፣ በፈጠረሽ» ብዬ በሩ ላይ ያዝኳት። «ይየውና ይንገረን» ብላ በብብቴ ሥር ሾልካ ገባች።

ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ ፎቶውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጣቱን ትልቋ ላይ አሳረፈና በቤት ስሟ ጠራት።

«ንግሥቴ።» ጣቱን ወደ ነርሷ ወሰደ። «ሐኪሜ።» ወደ ትንሹ። «ጭራዬ።» ወደ ሹፌሩ። «ጎማው። ይኸው፣ ጉንጩ ድኗል።»

ጣቱ አልቆመም፤ ወደ ጫፉ ሄደ።

«ይቺስ? ልብስ ልታሰጣ የመጣች ናት?»

«ወንድሜ፣ አበላሸሁብህ» አልኩ። «ሚጣ ታጠፋኛለች። የልጅህን ክንድ ትንሽ ታስተካክልና—»

«ማንን ነው የምታጠፋው?»

«እኔን።»

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። ልጅ ሆኖ ሳዘው እንደዚያ ነበር የሚያየኝ።

«እናታቸው ከሞተች ጀምሮ እነዚህን ልጆች ከውጭ ስትጠሪያቸው ነው የኖርሽው። ግቡ፣ ብሉ፣ ጨለመ፣ ልበሱ። አሁን ሁሉም ሲሄዱ ቤቱ ጭር ይላል፤ ይሄ ማሽን ብቻ ነው የሚያወራኝ።» ትንፋሹን ጠበቀ። «እዚህ ላይ አፍሽ ተከፍቷል። ሳየው ይሰማኛል። እንዳትነኩት።»

ሚጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ደግሞ ጭንቅ ሲለኝ የማደርገውን ታውቁታላችሁ።

«ጣትህን አንሳ» አልኩት፣ «ፎቶው ይደበዝዛል።»

አላነሳም።