ለስንጥር የደረሳት ቱባ

የራዲያተር ጠጋኙ ሁለተኛ ልጅ ቅጥነቷ ለጉድ ስለነበር ሰፈሩ «ስንጥር» ይላት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ የሙዚቃ ባንድ ሲያቋቁም ተመዘገበች፤ መሣሪያ የታደለ ዕለት ግን ጉንፋን ጥሏት ቀረች። ስትመለስ ትራምፔቱም ክላርኔቱም ተወስዶ፣ ዕቃ ክፍሉ ጥግ ማንም ያልፈለገው፣ ቱባ የሚባል ግዙፍ የትንፋሽ መሣሪያ ብቻ ተገትሯል።

«ቱባ ደረሰኝ» አለች ቤት ገብታ።

«ጎሽ፣ ነጭ ከሆነ ይጠቅመኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ እናቷ፣ ክር መስሏት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ብትነፋ ከመሣሪያው የሚወጣው «ፍስስ» ብቻ ሆነ። የሙዚቃ መምህሩ አዘኑላት።

«ይሄ ጉልበት ይፈልጋል፣ ልጄ። ወደ ከበሮ ብትዛወሪ ይሻላል።»

ስንጥር ግን ታላቅ ወንድሟን ለምና ቱባውን በጋሪ እየገፉ አባቷ ጋራዥ አደረሱት። ወንድሟ መንገዱን ሙሉ «ትነፊዋለሽ ወይስ ይውጥሻል?» እያለ ሲስቅባት ነበር።

አባቷ ቱቦውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ለራዲያተር የሚያደርገውን አደረገ፤ ሰፊውን አፍ በጎማ ቁራጭ ጥፍር አድርጎ አሰረና መንፊያውን ብቻ ከውሃው በላይ አስቀርቶ መሣሪያውን ውሃ በርሜል ውስጥ ነከረው።

«ንፊ።»

ነፋች። ከመታጠፊያው ሥር አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ ሦስት ቦታ።

«አየሽ፣ የታመመው እሱ ነው። አንቺ ደህና ነሽ።»

የደንበኞቹን ሥራ ወደ ጎን ትቶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በየደ። ሲቀዘቅዝ ጎማውን ፈታና ቱባውን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ስትነፋ ጠረጴዛው ላይ ያለው የብሎን ጣሳ ተንቀጫቀጠ። ድምፁ በእግሯ ገብቶ በጎድን አጥንቷ መካከል ያለፈ መሰላት። ዕድሜዋን ሙሉ «ጮክ በይ፣ ድምፅሽ አይሰማም» ስትባል የኖረች ልጅ ናት። መልሳ ነፋች፤ ከዚያ ሳቅ አፈናትና አቆመች።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስጥላት። ከትምህርት በፊት ትነፋለች፣ ከትምህርት በኋላ ትነፋለች፤ ከንፈሯ አብጦ ሾርባ እስኪያቃጥላት። ጎረቤታቸው ጡረተኛ አንድ ቀን በአጥር ብቅ ብለው «መርከብ ገዛችሁ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።

ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች በሙዚቃ ባንድ የተወዳደሩበት ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዜማው ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ትራምፔቶቹ ተደናግጠው ከምቱ ቀድመው መሮጥ ጀመሩ። ከበሮው ተከተላቸው። የመምህሩን እጅ የሚያይ ጠፋ። ከፊት ረድፍ ሰው ሲያጉረመርም ይሰማል።

ስንጥር ዓይኗን ጨፈነች። በእግሯ እየቆጠረች እያንዳንዱን ድምፅ ቦታው ላይ አሳረፈች። አልቸኮለችም፤ ማንንም አላሳደደችም። መጀመሪያ ትሮምቦኑ ወደ እሷ ተመለሰ፣ ቀጥሎ ከበሮው፣ በመጨረሻ ትራምፔቶቹ። ሁሉም እኩል ጨረሱ፤ አዳራሹም ብድግ አለ።

አንደኛ ወጡ። የዳኞቹ ሰብሳቢ «ያን ወፍራም የባስ ድምፅ የያዘው ማነው?» ብለው ሲጠይቁ መምህሩ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ ከቱባው ጀርባ የስንጥር ጭንቅላት ብቅ አለ። ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እሷ ዘንድ ሲደርስ መቀበል አልቻለችም። ሁለት እጇ ሙሉ ነበር።

በሳምንቱ ሦስት ልጆች ቱባ መማር እንፈልጋለን ብለው መጡ። መምህሩ ወደ ስንጥር ላኳቸው።