የወረቀት ነጠላ

ጌጥ ነው እንጂ ሥነ ጥበብ አይደለም ይለኛል መምህር አበጋዝ፣ ድምፁ ክፉ አይደለም፣ እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ አድርጎ እየጠበቀኝ ነው፣ ሰገነት፣ እደ ጥበብ ላይ ልመዝግብሽ አይደል፣ እኔ አውራ ጣቴን አያለሁ፣ ምላጭ የቆረጠኝን ቦታ፣ ለኤግዚቢሽኑ ደሴ የሚሄደው ሥነ ጥበብ የተባለው ብቻ ነው፣ ሌላው ከሰዓት እዚሁ መካነ ሰላም ተነቅሎ ወደየቤቱ ይመለሳል። ጌጥ። እሺ።

የሠርግ አዳራሽ አስጌጣለሁ፣ አቀስታም ደጎሎም ድረስ ይጠሩኛል፣ ከወረቀት አበባ እሠራለሁ፣ ሙሽሮቹ ሲወጡ አጃቢው ረግጦት ያልፋል፣ ከፍቶኝ አያውቅም፣ ያ ጌጥ ነው። ይሄ ነጠላስ? አባባም አላወቁትም፣ መሪጌታ ዘማርያም፣ ስንት ብራና ያገላበጡ ሰው፣ በሩ ላይ ቆመው አዩትና ልጄ፣ ወረቀት እኮ ዝናብ የሚበላው ነገር ነው አሉ፣ ወዲያው ወጡ፣ ለምን እንደቸኮሉ አልጠየቅኋቸውም።

የእናቴን ልብስ በሙሉ አባባ ለነዳያን ሰጡት፣ ነጠላዋንም፣ ደግ አደረጉ፣ እንዲህ ነው የሚደረገው። አርባዋ ሲወጣ ነጭ ወረቀት ገዛሁ። ሦስት ወር። ጥለቱን ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ዘርፉን አንድ በአንድ፣ ቀብሯ ላይ ዕንባ አልወጣኝም፣ ይቺ ልጅ ምን ነካት ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ምንም አልነካኝም፣ ከፊቴ የቆመችውን ሴትዮ የነጠላ ጥለት እያየሁ ነበር። አሁን ግድግዳው ላይ ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው።

ሥነ ጥበብ ሐሳብ ይፈልጋል፣ ይሄ ያምራል፣ በጣም ያምራል፣ ግን ምን ይላል? መምህሩ ነው። ልንገረው? ይቅር፣ እናቴ ሞታለችና ደሴ ውሰዱኝ ልበል እንዴ፣ ሼም ነው።

የከላላዋ ሴትዮ ይገባሉ፣ የሚወዳደሩበትን ሙዳይ ይዘው፣ ኡምኩልሱም እባላለሁ ብለው ቅድም ተመዝግበዋል፣ ሙዳያቸውን ለማስቀመጥ ጎንበስ ይሉና ነጠላውን ያያሉ፣ ጎንበስ እንዳሉ ይቀራሉ፣ ከሥሩ የተጻፈው ስሜ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለም፣ ማንም አልነገራቸውም፣ እጃቸው ወደ ራሳቸው ሻሽ ይሄዳል፣ ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?

እናቴ።

ስሟ ማን ነበር?

አበዛሽ እላለሁ፣ ከቀብሯ ወዲህ በአፌ ጠርቼው አላውቅም፣ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል፣ አላህ ያጥናሽ ይሉኛል፣ አብሽሪ ልጄ፣ ደግሞ ወለሉ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው፣ እኔም ከጎናቸው እቀመጣለሁ፣ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ ምን ሆና ነው፣ አሟት ነው?

ሰገነት፣ የቱ ላይ ልጻፍሽ ታዲያ? መምህር አበጋዝ ነው፣ ድምፁን ቀንሷል፣ የፈለጉት ላይ ይጻፉኝ እላለሁ ሳላየው፣ ወደ ሴትዮዋ ዞሬ፣ አዎ አሟት ነው፣ ጉንፋን መስሏት ነበር፣ መጀመሪያ ሁላችንም ጉንፋን መስሎን ነበር